«የአባቴ ቁጣ በደሜ ውስጥ ነው?»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ሰላምዎ ይብዛ። 31 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጥቼ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ።

አባታችን በቀበቶ ነው ያሳደገን። የበሩን ቁልፍ ሲያዞር ከድምፁ ብቻ የዚያን ቀን እንመታ እንደሆነ እናውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በድብድብ ሁለት ጊዜ ታስሯል። እኔ ከሰው ጋር ተደባድቤ አላውቅም፤ ቁጣዬን ግን አውቀዋለሁ። ከሦስት ወር በፊት ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ከባለቤቴ ጋር ስለ ወጪ ስንነጋገር አንድ ቃል ተናገረች። ስልኩ ግድግዳው ላይ ሲፈረካከስ ነው እጄ ባዶ መሆኑን ያወቅሁት። እሷ ምንም አላለችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ስብርባሪውን ጠርጌ እስከ እኩለ ቀን ሳሎን ውስጥ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት አገልግሎት ምራቄን ልኬ ጂኔን አስመረመርኩ። ውጤቱ «ዝቅተኛ ኤም.ኤ.ኦ.ኤ.» ይላል፤ ከሥሩም «የተዋጊው ጂን» ብለው ጽፈውበታል። አክስቴ ድሮም «ዘር ከልጓም ይስባል» ትላለች። የአባቴ ደም እንዳለብኝ ይኸው በወረቀት ተረጋገጠ። ቴስቶስተሮን የሚባለውን የወንድነት ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት ልጀምር? ወይስ ልጁ ሳይወለድ ከቤት ልውጣ? ባለቤቴ ስለ ምርመራው አታውቅም።

ስሜ ይቆይልኝ

ውድ ወንድሜ፤

እንቅልፍ ከነሳህ ወረቀት እንጀምር። «የአባቴ ደም በወረቀት ተረጋገጠ» ብለሃል። ወረቀቱ ግን ይህን ሊል አይችልም። ኤም.ኤ.ኦ.ኤ. የተባለው ጂን የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም (ጂኖችን በሚሸከመው ክር) ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው፤ ዋዩን ከአባቱ፣ ኤክሱን ከእናቱ ይወስዳል። እንግዲህ ያስጨነቀህ ጂን ከአባትህ አልመጣም። ያወረሰችህ እናትህ ናት።

ስለ አባትህ፣ ስለ ወንድምህ፣ ስለ አክስትህም ጽፈህልኛል። እናትህን ግን አንድም ቦታ አላነሳሃትም። እንዴት ያለች ሰው ናት? ስትናደድ ምን ታደርግ ነበር? ይህን የምጠይቅህ ጥፋቱን ከአባትህ ወደ እሷ ላዛውር ፈልጌ አይደለም። ስለ ራስህ የደረስክበት ፍርድ በአንድ ወገን ምስክር ብቻ የተሰጠ ስለመሰለኝ ነው።

ጂኑ የአንድ ኢንዛይም መሥሪያ መመሪያ ነው። የአንጎል ሴሎች መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች መካከል ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን አሉ፤ ኢንዛይሙ እነዚህን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ይሰባብራቸዋል። «ዝቅተኛ» የተባለው ዓይነት ጂን ኢንዛይሙን አነስ አድርጎ ያመርታል እንጂ አያጠፋውም። ጂኑ ጭራሽ የማይሠራባቸው ወንዶች ያሉበት አንድ የኔዘርላንድስ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1993 በጥናት ተገልጾ ነበር፤ ያ እጅግ ብርቅ የሆነ ጉድለት ነው፤ የአንተ አይደለም። የአንተን ዓይነት ጂን ከሦስት ወንዶች አንዱ፣ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድም ከዚያ በላይ ይዞት ይኖራል፤ አብዛኛው መያዙን እንኳ አያውቅም። «ተዋጊ» የሚለው ቅጽል ለወሬና ለሽያጭ የተመቸ ስም ነው። አባት ሊሆን የተቃረበ ሰው የሚያነበው ውጤት ላይ እንዲህ ያለ ስም መጻፍ በደል ነው እላለሁ።

ጂኑን ያስጠራው ጥናት ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ዱኒዲን ከተማ የተካሄደ ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ከሕፃንነት ጀምረው ሲከታተሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤታቸው እንዲህ ነበር፦ ዝቅተኛውን ዓይነት ይዘው የተወለዱ ወንዶች በልጅነታቸው ካልተጎሳቆሉ ከሌላው ሰው የበለጠ ጠበኛ አልሆኑም። በልጅነታቸው የተጎሳቆሉት ግን ሲያድጉ ለጠብና ለወንጀል ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ጂኑ ብቻውን ያመጣው ነገር የለም፤ ቀበቶው ሲጨመርበት ነው።

አንተ ጂኑም አለህ፣ ቀበቶውም ደርሶብሃል፤ ይህን አልሸፍንብህም። ሆኖም ጥናቱ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች ድምር ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉትም ሁሉ አልተስማሙም፤ ገሚሱ ያንኑ ውጤት ደገመ፣ ገሚሱ አላገኘውም። በአንተ ሕይወት ውስጥ ደግሞ ከምራቅ ምርመራ የሚበልጥ ማስረጃ አለ። የወንዶች ድብድብና ግርግር የሚበዛው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ ባለው ዕድሜ ነው። ያን ዕድሜ አንድም ሰው ሳትመታ አልፈኸዋል። ወንድምህ በዚያው ቤት፣ በዚያው ቀበቶ አድጎ ሌላ መንገድ ሄደ። እናታችሁ ሁለት ኤክስ ስላላት የትኛው እንደደረሰው እንኳ አናውቅም።

ከአባትህም በእርግጥ ወርሰሃል፤ ከጠቅላላው ጂንህ ግማሹ ያህል የእሱ ነው። መንትዮችን ያነጻጸሩ ጥናቶች እንደሚሉት ሰዎች በቁጡነት ከሚለያዩበት ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከጂን ልዩነት ጋር ይያያዛል። ይህ ማለት ግን ከቁጣህ ግማሹ የአባትህ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው በብዙ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የአንድን ሰው ጠባይ አይከፋፍልም። የሚወረሰውም በሺህ የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ኢምንት ድርሻ ያላቸው ጂኖች ድምር ነው። ድምሩ ቶሎ መጋልን ሊያወርስ ይችላል፤ ስልክ መወርወርን የሚያዝ ጂን ግን የለም።

ይልቅስ ስለ በሩ ቁልፍ መዞር የጻፍከውን ነገር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በአንጎል ውስጥ ከጆሮ ግንድ በስተ ውስጥ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል አሚግዳላ የሚባል ክፍል አለ፤ አደጋን የሚጠብቀው እሱ ነው። በሚመታ ልጅ ላይ ይህ ዘበኛ ጆሮው ይሳላል። የተደበደቡ ልጆች የተቆጣን ፊት ለመለየት ከሌሎች ልጆች ያነሰ ፍንጭ እንደሚበቃቸው በጥናት ታይቷል። በአባትህ ቤት ይህ ችሎታ ከዱላ አድኖሃል፤ መቼ መደበቅ እንዳለብህ ነግሮሃል። ዛሬ ግን ያው ዘበኛ የደከመችን ሚስት ፊት አይቶ «ቀበቶው መጣ» ይልሃል። ግንባርህ ሥር ያለው የአንጎል ክፍል፣ አመዛዝኖ «ተው፣ እሷ እኮ ናት» የሚለው፣ ከዘበኛው ይዘገያል። ስልኩ ከእጅህ የወጣው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። ጥቂት ቆይተህ መጥረጊያ ያነሳኸው ደግሞ እሱ ሲደርስ ነው።

ባለቤትህ የተናገረችው ቃል ምን ነበር? አባትህ ወይም እናትህ ሲናገሩት ከሰማኸው ነገር ጋር ይመሳሰላል? ለእኔ አትመልስልኝ፤ ወረቀት ላይ ጻፈው።

ሌላም የምጠይቅህ አለ። ያን ዕለት ስትገባ ስንት ሰዓት ሳትተኛ ቆይተህ ነበር? ምግብ ቀምሰህ ነበር? የጠጣኸው ነገር ነበር? እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት 35 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች አንጎል ሲታይ አሚግዳላቸው ለሚያስከፋ ምስል የሰጠው ምላሽ ከተኙት ሰዎች በ60 በመቶ በልጦ ተገኝቷል፤ ከግንባር ክፍሉ ጋር ያለውም ግንኙነት ላልቶ ነበር። በዚያ ላይ ሰውነትን ለጭንቀት የሚያነቃው ኮርቲዞል በተፈጥሮው ጧት ላይ ከፍ ይላል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰህ ጧት ስለ ገንዘብ መነጋገር ለአንተ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ይህ ሰበብ እንዳይሆንህ፤ ቀጥዬ የምልህን እንድትይዝበት ነው። ከሌሊት ፈረቃ በኋላ ቢያንስ 7 ሰዓት ሳትተኛ የሚያከራክር ነገር አይነሳ። ይህን ከባለቤትህ ጋር ዛሬውኑ ልትስማሙበት ትችላላችሁ።

ስለ ቴስቶስተሮን መልሴ አጭር ነው፦ መድኃኒቱን አትጀምር። በሰው ላይ በቴስቶስተሮን መጠንና በጠበኝነት መካከል የተገኘው ዝምድና ደካማ ነው። ሆርሞኑ ራሱ ከኑሮ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ፉክክር ሲኖር ይጨምራል፣ ሕፃን ሲታቀፉ ይቀንሳል። ፊሊፒንስ ውስጥ 624 ወጣት ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አባት የሆኑት ሰዎች ቴስቶስተሮን ጎልቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በቀን 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚንከባከቡት ደግሞ ከማይንከባከቡት ዝቅ ያለ ነበራቸው። ያለ በሽታ በመድኃኒት ማውረድ ግን አጥንት ያሳሳል፣ የወሲብ ፍላጎትን ይገድላል፣ ድካምና ድባቴ ያመጣል። አንጎልህ የለመደውን የማንቂያ ደወል ግን አይነካውም።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ልንገርህ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ለአንተ የሚያስፈልግህ እሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ለሴቶች ገሚሶቹ ቴስቶስተሮን፣ ገሚሶቹ ምንም የሌለበት ነገር ሰጥተው ገንዘብ ለሌላ ሰው እንዲያካፍሉ ጠየቁ። እውነተኛውን ሆርሞን የወሰዱት ይበልጥ ፍትሐዊ ሆነው አካፈሉ። የወሰዱት ምንም ይሁን ምን «ቴስቶስተሮን ነው የተሰጠኝ» ብለው ያመኑት ግን ንፉግ ሆኑ። ያከፋቸው ሆርሞኑ ሳይሆን ስለ ሆርሞኑ ያመኑት ነገር ነው። አንተም «የተዋጊው ጂን» የሚለውን ባመንክ ቁጥር በተናደድክባት በዚያች ሰዓት «ምን ላድርግ፣ ዘሬ ነው» የሚል መውጫ ለራስህ እያበጀህ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከቤት ልውጣ ወይ ላልከው መልሱ በባለቤትህ እጅ ነው። ዕረፍት ባላችሁ ቀን፣ ሁለታችሁም ጠግባችሁና ተኝታችሁ፣ ተቀምጠህ ጠይቃት፦ «ስልኩን የሰበርኩ ዕለት ፈርተሽኝ ነበር? አሁንስ ትፈሪኛለሽ?» ከዚያ ዝም በል። አትከራከር፣ አታስተካክላት፣ «እኔ እኮ አልነካሁሽም» አትበላት። እጇን ሆዷ ላይ ያደረገችው መልሱን ከቃል በፊት እንደሰጠችህ ነው የሚገባኝ። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃት በእርግዝና ወራት ሊጀምር ወይም ሊብስ ስለሚችል ስልኩን እንደ ትንሽ ነገር አላልፈውም። በደብዳቤህ ያልጻፍከው ነገር ካለ፣ ማለትም ገፍተሃት፣ ክንዷን ጨብጠህ፣ በር ዘግተህባት ወይም አስፈራርተሃት ከሆነ፣ ወይም እሷ «አዎ፣ እፈራሃለሁ» ካለችህ፣ ሕክምና እስክትጀምር ሌላ ቦታ እደር፤ መቼ እንደምትመለስም እሷ ትወስን። የምትተማመንበት የራሷ ሰው ጉዳዩን ማወቁን አትቃወም። ይህ ሁሉ ከሌለና እሷም ከፈለገችህ ግን መጥፋትህ ልጅህን ከምንም አያድነውም።

ቤት ውስጥ ስትሆን የምትይዘው ይህ ነው። ቁጣ ሲነሳብህ የእጅህን ሥር ይዘህ ለ15 ሰከንድ የልብ ምትህን ቁጠር። 25ና ከዚያ በላይ ከሆነ የልብ ምትህ በደቂቃ 100 ደርሷል ወይም አልፏል፤ በዚያ ሁኔታ የምትናገረው ነገር አይረባህም። ከባለቤትህ ጋር አስቀድማችሁ የተስማማችሁበትን አንድ ቃል ተናገር፣ የምትመለስበትንም ሰዓት ንገራትና ውጣ። ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልግሃል፤ የጋለ ሰውነት ከዚያ ቀድሞ እምብዛም አይበርድም። ለ5 ደቂቃ ያህል በአፍንጫህ እስከ 4 እየቆጠርክ ሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አውጣ፤ ረጅሙ አወጣጥ ነው ልብን የሚያዘገየው። ከዚያ ስሜቱን በስሙ ጥራው፦ «ተዋረድኩ»፣ «ፈራሁ»፣ «ደከመኝ»። ስሜትን በቃል መሰየም የአሚግዳላን ግለት እንደሚቀንስ በአንጎል ምስል ታይቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጥቶ ሲዞር ክርክሩን በሆዱ ሲቀጥልና ያልመለሰውን መልስ ሲያሰላስል ነው፤ እንዲያ ከሆነ አንድ ሰዓትም ብትዞር ጋለህ ትመለሳለህ። በር አላትመህ አትውጣ፣ መኪና አትንዳ። ባልከው ሰዓት መመለስህን አትርሳ፤ ካልተመለስክ ቃሉ ለእሷ ሌላ ቅጣት ይሆናል።

ሕፃኑ ሲመጣ የሚፈትንህ ለቅሶው ነው፤ አሁኑኑ እወቀው። ጤነኛ ሕፃን ለቅሶው ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ሄዶ 6ኛው ሳምንት ገደማ ጣሪያ ይነካል፤ በቀን 2 ወይም 3 ሰዓት ቢያለቅስ በሽታ አይደለም፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይቀንሳል። መግቦ፣ ጨርቅ ቀይሮ፣ አቅፎም ዝም የማይልበት ሌሊት ይኖራል። ደምህ ሲፈላ ከተሰማህ በጀርባው አስተኝተህ፣ አልጋው ላይ ትራስም ሆነ ልቅ ብርድ ልብስ አለመኖሩን አይተህ፣ በሩን ገርበብ አድርገህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውጣ። እያለቀሰ መቆየቱ አይጎዳውም። መነቅነቅ ግን ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን ሊገድለው ይችላል፤ አንገቱ ጭንቅላቱን መያዝ ስለማይችል አንጎሉ ወዲያና ወዲህ እየተማታ ይደማል። በደህናው ጊዜ ደግሞ ልብስህን ከፍተህ ደረትህ ላይ አስተኛው። ንክኪው በአንተም በእሱም ላይ መቀራረብን የሚያግዘውን ኦክሲቶሲን ያነሳሳል፤ አባትም ከዚህ አልተከለከለም።

ንክኪ ምን ያህል እንደሚሠራ ካናዳ በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ላይ የተደረገ ሥራ አሳይቷል። ግልገሎቻቸውን እምብዛም ከማይልሱ እናቶች የተወለዱትን፣ ብዙ ለሚልሱ እናቶች ሰጥተው ሲያሳድጓቸው ግልገሎቹ ረጋ ያሉ ሆኑ፤ ሴቶቹም በተራቸው ልጆቻቸውን የሚልሱ እናቶች ሆኑ። የወረሱት ጂን ፊደሉ አልተለወጠም። የተለወጠው በአንጎል ውስጥ የጭንቀት ሆርሞንን ተቀባይ የሚሠራው ጂን ላይ የተለጠፈው ኬሚካላዊ ምልክት ነው፤ ጂኑ ይበልጥ ተከፍቶ ሠራ። አይጥ ሰው አይደለም፤ አንጎል በአስተዳደግ እንደሚቀረጽ ግን ይህን ያህል ከቅርብ ያሳየን ሥራ ጥቂት ነው።

የወረቀቱን ነገር ለባለቤትህ ንገራት። ብቻህን ይዘኸው ስላደርክ ነው የከበደህ። ስትነግራትም ይህን ጨምርላት፦ የሚወለደው ወንድ ከሆነ ከአንተ የሚወስደው ዋዩን ነው፤ ያ ጂን ከአንተ አይደርሰውም። ሴት ከሆነች የአንተን ኤክስ ትወስዳለች፤ ከእናቷም ሌላ ኤክስ ይኖራታል። ቀበቶው ግን የለም።

እስከ ምጡ 10 ሳምንት ገደማ ቀርቶሃል። ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የሚደረግ የቁጣ አያያዝ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ዛሬ ከጀመርክ አብዛኛውን ትጨርሰዋለህ። ቀጠሮ ስትይዝ «ቁጣ አለብኝ» ብቻ አትበል፤ በልጅነትህ መደብደብህን፣ የሌሊት ፈረቃህንና እንቅልፍ ማጣትህን አብረህ ተናገር፤ ሕክምናው የሚመረጠው በእሱ ነው። ባለቤትህ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ አብረሃት ሂድ፤ እሷ ከፈቀደች የስልኩን ነገር ለአዋላጇ ንገሩ። ወረቀቱን ለሥነ ልቦና ባለሙያው አሳይተው፤ ከዚያ ወዲያ ባትገልጠውም ይቀራል።